የአጎቴ በሬዎች ምልክት

በ2009 ዓ.ም. አምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። አጎቴ ጂንካ ከተማ ቤታቸው ታመው ተኝተው «ቀይ አፈር ገበያ ስትሄድ አንዲት ቃል አምጣልኝ» አሉኝ።

ፊደል አልቆጠሩም። በሬዎቻቸውን ግን በጋለ ብረት ሲተኩሱ ሁለት የተሻገሩ መስመሮች ያወጡ ነበር። አንድ ቀን ያንኑ ምልክት ሣጥን ላይ አይተው መምህር ጠየቁ።

«ኤክስ የሚባል የእንግሊዝ ፊደል ነው። ቃሉ ቦክስ ነው፤ ሣጥን ማለት ነው» አላቸው።

ከዚያ ወዲያ የተማረ ሰው ያ ፊደል ያለበት ቃል ሳይነግራቸው አያልፋቸውም። አክስ መጥረቢያ፣ ሲክስ ስድስት፣ ፎክስ ቀበሮ። ኦክስ በሬ መሆኑን የሰሙ ቀን ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ምልክቴ የበሬ መሆኑን ለእንግሊዞቹ ማን ነገራቸው?» አሉ። እኔንም እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እኔ ግን ሰው መጠየቅ ስለማፍር አንዲትም ቃል አምጥቼላቸው አላውቅም። «አፍህን ለምን ይዘኸው ትዞራለህ?» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን ቀይ አፈር ላይ መኪና ሥር የተኛ ሹፌር ጠየቅሁ።

«ፊክስ በላቸው አባቴ፤ መጠገን ማለት ነው። ይኸው እኔም እሱን ይዣለሁ» አለኝ።

ቃሉን እየደጋገምኩ ጂንካ ስደርስ አጎቴ አርፈው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለቀስተኛ ሳይመጣ በረት ገባሁ። የበሬያቸውን ምልክት በጣቴ ዳሰስኩና «ፊክስ፣ መጠገን» አልኩት።