የድኩላው አንገትና የሙዐዊያ ማጣበቂያ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ማስቲሽንም እጨምርበት ነበር። ጫማ ይሁን ወንበር ይሁን የባጃጅ ምንጣፍ፣ ማስቲሽ የነካው ነገር አበቃለት። ይህን እምነቴን ያስጣለኝ ሙዐዊያ የሚባል ሰው ነው።

ሸዋነሽ እባላለሁ። ከወሎ መጥቼ አሶሳ ውስጥ አንድ ኮሌጅ የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ማይክሮስኮፑም፣ አጽሙም፣ ቁልፉም በእኔ ፊርማ ነው። የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ፈየራ በባምባሲ መንገድ መኪና የገጨው ድኩላ አገኘና ተማሪ እንዲያየው እንደ ሕያው ሊያቆመው ቆዳውን አስለፋ። ዛሬ ቆዳ በጭድ አይሞላም፤ ከፎም የተቀረጸ ሙሉ ገላ ይገዛና ቆዳው እንደ ልብስ ይለበስለታል። ገላው ከአዲስ አበባ በአውቶብስ መጣ። እኔ ችኩሏ፣ ሥራ ላቃልል ብዬ ካርቶኑን ሳልከፍት ቆዳውን እንዲለሰልስ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ካርቶኑ ሲከፈት አንገቱ ለሁለት ተሰብሯል! ላዩ ላይ ሽንኩርት ጭነውበት ኖሯል፤ የእጃቸውን ይስጣቸው።

የራሰ ቆዳ ደግሞ አይጠብቅም። በአሶሳ ሙቀት ሁለት ቀን ካለፈው ፀጉሩ እፍኝ እፍኝ ይነቀላል። መብራት ስለጠፋ ፍሪጁም ያው ቁም ሳጥን ነው። ሌላ ድኩላ ከየት ይመጣል?

በማግስቱ ጠዋት ፈየራ ከጾሬ የስደተኞች መጠለያ አንድ ሰው ይዞ መጣ። «ሙዐዊያ ይባላል፤ ሱዳን ሙዚየም ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንስሳ ሲያቆም የኖረ ነው» አለኝ። እኔም በሆዴ፣ አገሩ ላይ ትልቅ ሰው ያልነበረ ስደተኛ አለ እንዴ፣ አልኩ። ይቅር ይበለኝ። ሙዐዊያ በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ከሲታ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የቆለፈ። አማርኛውን ገበያ ላይ ስለለመደው እኔንም «አንተ» ነው የሚለኝ። ሁለቴ አርሜው ተውኩት።

ስብራቱን አየ፣ ዳሰሰ፣ አሸተተ። ከዚያ ከገላው ሆድ በኩል፣ ከማይታይበት፣ በምላጭ ቁርጥራጭ ፎም አወጣ። «መጀመሪያ ይሄ እንሞክራለን» አለ።

«ምኑን ነው የምንሞክረው? ማስቲሽ አለ እኮ!»

«ሹወያ፣ ሸዋነሽ። ቀስ።» ብሎኝ ለዙሁር፣ ለእኩለ ቀኑ ሰላት፣ ወጣ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ቆዳው እየተበላሸ ይሄ ሰውዬ በምላጭ ይጫወታል ብዬ፣ ማስቲሹን ከፍቼ የአንገቱን ስባሪ ቀባሁት። መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ፎሙ ዓይኔ እያየ ይሟሟ፣ ይሰረጉድ ጀመር። በጨርቅ ጠርጌ እስካስቆመው እንቁላል የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ሆኗል። ክው አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ደግሞ የሚለቀምም አላስተረፍኩም።

ሙዐዊያ ተመልሶ አየው። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን እንደ ደብዳቤ ያነበው ጀመር። «በላው። ውስጡ ያለው ቤንዚን ነገር ፎሙን ይበላል» አለ። «ይሄ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶን ውስጥ ያለው ዓይነት ፎም ነው። ጥሩ፣ አሁን አወቅን።»

«እንዴት አትቆጣም? ስደበኝ እንጂ!»

«እኔም ፈርቷል» አለኝ እጆቹን እያየ። «ሁለት ዓመት እንስሳ አልነካሁም። አሁን እጄ ረስቶ ከሆነ፣ እኔ ምን ቀረኝ?»

ከዚያ በኋላ አፌን ዘግቼ የታዘዝኩትን ሠራሁ።

የፎሙን ቁርጥራጮች ጥንድ ጥንድ እያደረግን በተለያየ ማጣበቂያ አጣብቀን መስኮቱ ላይ ደረደርን። ሱፐር ግሉም እንደ ማስቲሹ በላው። የአናጢዎቹ ነጭ ኮላ ግን ከሰዓታት በኋላ ግጥም አድርጎ ያዘ። «ይኸው!» ብዬ ጨፈርኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ሙዐዊያ ጨርቅ በውኃ ነክሮ ጠቀለለውና ጥቂት አስቆየው። ሲፈታው ኮላው ወተት ሆኖ ሁለቱ ፎሞች ተለያዩ። የሚለብሰው ቆዳ እርጥብ መሆኑን እኔ መች አሰብኩ!

«ከሁለት ቱቦ ተጨምቆ የሚቦካው የለም?» አለኝ። ወደ ዋሊድ ጋራዥ በረርኩ፤ ዋሊድ የባጃጅ ነዳጅ ታንከር ሲሰነጠቅ የሚደፍነው በእሱ ነው። ሁለቱን ቱቦ ይዤ መጣሁ። ሙዐዊያ እኩል እኩል ጨምቆ በቆርኪ ላይ አቦካው። ያዘ። እርጥብ ጨርቁንም ቻለ። አሁንስ አለቀ ስል ስፒል አንስቶ መጋጠሚያው ላይ ሊወጋ ሞከረ። ስፒሉ ታጠፈ።

«ደግሞ ምን ሆነ?»

«ቆዳ እስኪደርቅ በስፒል ይያዛል። ይሄ ድንጋይ ነው፤ አይገባም።»

የዚያን ጊዜ፣ እውነቴን ነው፣ ድኩላውን ረስቼ መልሱ ብቻ ነበር ያጓጓኝ። «ማጣበቂያውን ወደ መሃል ብቻ ብናደርገውስ? ዳር ዳሩን ብንተወው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ፤ ከመጣ የመጀመሪያ ሳቁ ነው። «አንተ ተማርክ!» አለ።

ግቢያችን ካለው ቀርከሃ ሰንጥቆ ሦስት ችካል ጠረበ። እኔ በማስቲሽ ያወጣሁትን ጉድጓድ በፎም ቁራጭ ሞላው። ሙቀቱ ማጣበቂያውን ቶሎ ስለሚያደርቀው በጥቂት በጥቂቱ እያቦካሁ አቀበልኩት። ችካሎቹን ቀብቶ ስብራቱ መሃል ሰካቸው፤ አንገቱን ገጠመና፣ ዳሩ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ያልተቀባ አስቀርቶ፣ በጨርቅ አሰረው። ጠዋት ሲፈታው ንቅንቅ አላለም። ቆዳውን አለበሰው፤ ስፒሉም እየሰመጠ ገባለት። ከፀጉሩ አንድም እንኳ አልተነቀለም።

በሦስተኛው ሳምንት ደርቆ ስፒሉ ሲወጣ ድኩላው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ወደ በሩ ያያል። ስብራቱን ልፈልግ አንገቱን ሁለት ሦስቴ ዳበስኩት፤ አጣሁት።

«እጅህ አልረሳም» አልኩት።

ሙዐዊያ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ከደረት ኪሱ ቁልፍ አውጥቶ አሳየኝ። «ሙዚየም ውስጥ በእጄ ያቆምኩት አርባ ሁለት እንስሳ ነበረኝ» አለ። «ተኩስ ሲመጣ ቆልፌባቸው ወጣሁ። ሙዚየሙ ተቃጠለ አሉኝ፣ አለቃዬም ሞተ አሉኝ። አንተ የቁልፍ ሰው ነህ ሸዋነሽ፣ ንገረኝ። ይሄንን ለማን ላስረክብ?»

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ንብረት ሳስረክብና ስረከብ የኖርኩ ሴት፣ የራሴን ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።