የሚያዳምጣት ወንድም

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፎረንሲክ ባዮሎጂ እንደምታጠና የተናገረች ቀን እናቷ የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ "ምን አልሽ? እስቲ ድገሚው" አለቻት። ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ የተገኘ ደም፣ ጸጉርና ምራቅ መርምሮ የማን እንደሆነ የሚለይ ትምህርት ነው ብላ ብታስረዳት እናቷ ጭራሽ ፊቷን አጨፈገገች።

"እኔ ነርስ ትሆኛለሽ ብዬ ደጅ ስጠና፣ አንቺ የሬሳ ጎረቤት ልትሆኚልኝ ነው?"

አክስቷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች፤ በሳቅ ብዛት እንባዋ መጣ። "በቃ፣ ደሚቱ በሏት!" አለች። ስሙ ተጣበቀ። ዘመድ አዝማዱ፣ ጎረቤቱ፣ የሱቁ ሰውዬ ሳይቀር ደሚቱ ይላት ጀመር። እናቷም ማዕድ ላይ ስለ ትምህርት እንዳይወራ ከለከለች፤ "እህል በአፌ ላይ እያለ ደም አትጥሪብኝ" እያለች።

ያልሳቀባት ታላቅ ወንድሟ ብቻ ነበር። አባታቸው ገና ነፍስ ሳታውቅ ስለሞተ ያሳደጋት እሱ ነው ቢባል አልተጋነነም። የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት እጇን ይዞ የወሰዳት፣ ፈተና ስትወድቅ ከእናቷ ቁጣ የሸሸጋት እሱ ነው። ጋሽዬ ነው የምትለው። ለአንድ የማመላለሻ ድርጅት የጭነት ሚኒባስ ይነዳል፤ ለሱቁም ለፋብሪካውም ለመጋዘኑም ዕቃ ያደርሳል። መንገዱ በዩኒቨርሲቲው በር ስለሚያልፍ ጠዋት ጠዋት ያደርሳታል።

መኪናዋ ውስጥ ገብተው ገና ሁለተኛ ማርሽ ሳያስገባ ሬዲዮኑን ይዘጋና፣ "እሺ ደሚቱ፣ ትናንት ምን አስተማሯችሁ?" ይላል።

ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ ድምጿ የማይሰማው ልጅ እዚያ ወንበር ላይ አፏ ይከፈታል። እሱ ደግሞ እንዲያው ለይስሙላ አይጠይቅም።

"ሰውየው ጓንት ካጠለቀ ግን አለቀ አይደል?" ይላታል።

"ምን ያልቃል! ላብ ያለበትን ግንባሩን በጓንቱ ከጠረገ የራሱን ላብ ይዞ ይዞራል እኮ። የነካው ነገር ላይ ሁሉ ይተወዋል።"

"በረኪናስ?"

"በረኪና ዲኤንኤውን ይሰባብረዋል። በደንብ ከታጠበበት እኛ የምናገኘው ነገር የለም።"

"አቤት! አንቺ ሌባ ብትሆኚ ኖሮ አገር አልቆለት ነበር።"

አንድ ቀን በዚህ ሙገሳ ልቧ ሞቆ፣ "እኔ ሌባ ብሆን ምን እንደማደርግ ታውቃለህ?" አለችው። "ከአውቶቡስ ፌርማታ የሰው ሲጋራ ቁራጭ እለቅምና የሰረቅሁበት ቤት ውስጥ እበትነዋለሁ። ከዚያ መርማሪዎቹ የሰው ምራቅ ሲያሳድዱ ይክረሙ!"

ጋሽዬ መሪውን በመዳፉ እየመታ ሳቀ። እሷም ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ፈገግ ስትል ዋለች።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ ከከተማው ዳር ያለ አንድ የመድኃኒት መጋዘን ተዘረፈ። ዘበኛው አዛውንት ጭንቅላታቸውን ተመትተው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። ጋሽዬ እዚያ ዕቃ ሲያራግፍ ያውቃቸው ስለነበር ወሬው ቤታቸው ገባ። እናቷን ይዞ ሆስፒታል ሄዶ ጠየቃቸው፤ እናቷ ስትመለስ፣ "የሽማግሌውን እጅ ይዞ ሲያለቅስ ብታዪው! የኔ ልጅ ሆደ ባሻ ነው" አለች።

ጥቂት ቆይቶ የወንጀል ቦታ አያያዝ የሚያስተምሩት መምህር እንግዳ ይዘው ክፍል ገቡ። እንግዳው ጡረታቸው የደረሰ፣ ቀስ ብለው የሚያወሩ መርማሪ ናቸው። በእጃቸው ስላለ ጉዳይ እንዲያወሩ ተጋብዘው ነው።

"የመጋዘኑ ሌባ የተማረ ነው" ብለው ጀመሩ። "የነካውን ሁሉ በበረኪና አጥቦልናል። ግን መስኮት ሲሰብር እጁን ቆርጦታል መሰለኝ፣ ከፍሬሙ ሥር ሾልካ የገባች ደም አግኝተናል። ባለቤቷ አልታወቀም። ወለሉ ላይ ደግሞ የሲጋራ ቁራጮች አሉ፤ የተለያዩ ሰዎች ምራቅ ያለባቸው። ከአካባቢው ሰው ናሙና ስንወስድ አንዱ ቁራጭ ፌርማታው አጠገብ የቆሙ መኪኖችን እየጠበቀ ከሚተዳደር ሰውዬ ጋር ገጠመ። ታስሯል። መስኮቱ ላይ ያገኘናት ደም የእሱ ስላልሆነች ተባባሪህን አውጣ እንለዋለን፤ እሱ አላውቅም ብሎ ድርቅ ብሏል።"

"ሌባ እየሰረቀ ሲጋራ ያጨሳል እንዴ?" አለ ከኋላ አንድ ተማሪ፤ ክፍሉ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። የጋሽዬ እጅ ነው የታወሳት። በዚያው ሰሞን መዳፉን ተቆርጦ መጥቶ፣ የመኪናው በር ነው ብሏት ነበር። ቁስሉን አጥባ በፋሻ የጠቀለለችለት ራሷ ናት።

ከሰዓት በኋላ የድርጅቱ ጋራዥ ሄደች። ጋሽዬ ሱሪውን ሰብስቦ መኪናዋን እያጠበ ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ። "ምነው፣ ዛሬ ደግሞ እግርሽ ወደዚህ ጣለሽ?"

"ጋሽዬ፣ ሲጋራዎቹን ከየት ለቀምካቸው?"

"የምን ሲጋራ?"

"ካንተ በቀር ለማንም አላወራሁም።"

ግራ ቀኝ አየና ቧንቧውን ዘጋ። ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ እንዳልያዘለት ሲያይ ተወው። "ቀስ ብለሽ አውሪ" አለ። "የራሴን መኪና ላወጣ ነበር፣ የሰው ጎማ ማሽከርከር መሮኝ። ሽማግሌው ተኝተዋል ብዬ ነው፤ በጨለማው ድንገት ብቅ አሉብኝ።"

"እጃቸውን ይዘህ አለቀስክ እኮ!"

"ከልቤ ነው ያለቀስኩት።"

"የታሰረውስ ሰውዬ?"

"ማስረጃ ካጡበት ይፈቱታል፤ አንቺ አይደለሽ እንዴ እንዲህ የምትዪው?" ከዚያ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ ዝም ብትዪ ላንቺም ይበጅሻል። ማን አስተማረህ ቢሉኝ ማንን ልጥራ?"

ከወንጀሉ ይልቅ ይቺ ቃል አንጀቷን ቆረጠችው። "ጠዋት ጠዋት የምትጠይቀኝ ሁሉ ለዚህ ነበር?"

"መጀመሪያ እንኳ አይደለም።"

"መጀመሪያው እስከ መቼ ነው?"

ስፖንጁን አነሳና የመኪናዋን መብራት ይፈትግ ጀመር። እሷም ከጋራዡ ወጣች። በእግሯ ስትሄድ የእያንዳንዱን ጠዋት ወሬ እያነሳች፣ የቱ ለእሷ የቱ ለመጋዘኑ እንደሆነ ልትለይ ሞከረች፤ አልተለየላትም። ላብ፣ ጸጉር፣ ምራቅ ትለያለች፤ ይሄ ግን አቃታት።

በማግስቱ መርማሪው ቢሮ ሄዳ ሁሉንም ተናገረች። ሰውየው ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ "ወንድምሽ መሆኑን አስበሽበታል፣ ልጄ?" አሏት።

"ያሳደገኝ እሱ ነው" አለች።

የጋሽዬ ናሙና ሲወሰድ መስኮቱ ላይ የተገኘችው ደም የእሱ ሆነች። የመኪና ጠባቂው ተፈታ። ጋሽዬ እንዳለውም አደረገው፤ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ "እህቴ ናት ያስተማረችኝ" አለ። ዩኒቨርሲቲው ጠርቶ መረመራት፤ በመጨረሻ ጥፋት ባያገኝባትም፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ቤተ ሙከራ እንዳትገባ ተከልክላ፣ ጓደኞቿ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ሲገቡ እሷ ኮሪደር ላይ ትቀር ነበር። ጋሽዬ ተፈረደበት።

እናቷ ብዙ ጊዜ አላናገረቻትም። ሲብስባት፣ "መጀመሪያ ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?" አለቻት።

"ብነግርሽ ዝም በይ ትዪኝ ነበር።"

"አዎ፣ እል ነበር!" ብላ እናቷ ጮኸች። "እናት አይደለሁም እንዴ!"

ተመርቃ የወንጀል ናሙና የሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ተቀጠረች። ሥራዋን ትወዳለች፤ ከሥራ ውጭ ግን ስለ ሥራዋ ትንፍሽ አትልም። የሚጠይቃት ሰው ሲያጋጥማት፣ "አሰልቺ ነው" ብላ ወሬ ትቀይራለች። እናቷ ዓይኗ ደክሞ ስፌቱን ስትተው አብራት መኖር ጀመረች። እሁድ እሁድ እናት ለጋሽዬ ስንቅ ቋጥራ ማረሚያ ቤት ትሄዳለች፤ ልጂቱ ስንቁን በመቋጠር ታግዛታለች፣ አብራት ግን ሄዳ አታውቅም። ስትመለስ እናት ምንም አትናገር፣ ልጅም ምንም አትጠይቅ።

አንድ እሁድ ግን እናቷ ጫማዋን እያወለቀች፣ ቀና ሳትል፣ "ሰላም በይልኝ ብሎሻል" አለቻት።

"እሺ" አለች፤ የታጠበውን ልብስ ወደ ማስጫው ይዛ ወጣች። እሱ ብሎት ይሁን እናቷ ከራሷ ፈጥራው ይሁን አታውቅም፤ አልጠየቀችም።