ታላቅ ወንድሜና ቀጭኑ ዘይት

ታላቅ ወንድሜን አላህ ይርሐመው። ጅማ ላይ አብረን መኪና ስንጠግን አረጀን። ዘይት ከመምረጡ በፊት ባለመኪናውን «የመኪናህን መጽሐፍ አምጣና አንብብልኝ» ይለው ነበር፤ እኛ ፊደል ላይ ብዙ አልገፋንም። እኔ ደግሞ «የደዶን ዳገት መጽሐፍ አያውቀውም፤ ወፍራሙን ዘይት፣ ሃያ ሃምሳውን ጨምርበት» እል ነበር።

«ማሎ፣ እባክህ ስማኝ እንጂ አንተ ግትር! ወፍራሙ ለአሮጌ ጭነት መኪና ይሁን። የፈጣን ሞተር ክፍተቱ ጠባብ ነው፤ ወፍራም ዘይት ቶሎ አይደርስለትም» ብሎ ይቆጣኝ ነበር። አንድም ቀን እሺ ብዬው አላውቅ።

ከቀበርነው ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ትናንት አንድ ወጣት ቱርቦ ሞተር የተገጠመለት ፈጣን መኪና አመጣ። ወፍራሙን ከፍቼ ልጨምር ስል እጄ እምቢ አለኝ። ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ደግሞ ወጣሁ።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ ባለመኪናው ወጣት።

«መጽሐፉ ምን ይላል?»

«አምስት ሠላሳ።»

ቀጭኑን ጨመርኩ። ሞተሩ ሲነሳ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፤ ድምፁ ጥርት ብሏል። «ጋሼ፣ አንተ ነበርክ ልክ» ልል ዞር አልኩ። ወንድሜ ይቆምበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው። ምነው በሕይወት እያለ አንዴ እንኳ ብዬው ቢሆን!