ለአዲስ አበባው የተደረገልኝ ዱአ

ከከተማችን ፒያሳ ስመለስ ቤታችን በጎረቤት ተሞልቶ፣ ሁሉም እጁን ለዱአ ዘርግቶ አገኘሁ።

አባቴ ነው የጠራቸው፤ አዲስ አበባ ያለው ስመ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ እንዲደርሰኝ።

እኔ ደግሞ ገና አሁን ከኢንተርኔት ቤት ኮምቦልቻ ያለውን አንደኛ ምርጫዬ አድርጌ ልኬ መምጣቴ ነው። እዚያ የምትማረውን እህቴን ልጠይቅ ስሄድ አንዲት መምህር ስሜን ጠየቁኝ። ሌላ ጊዜ ስሄድ ከሩቅ በስሜ ጠሩኝ። ምክንያቴ ይኸው ነው።

አዛውንቱ ጎረቤታችን ሸህ ይመር «ያ ረቢ፣ የትልቁን ግቢ በር ክፈትላት!» አሉ። የአባቴ ዓይን እንባ አቅርሯል።

ዶሮም ታርዷል። እሱንም እንደ እኔ የጠየቀው የለም።

እጄን ዘርግቼ «አሚን» አልኩ። ወላሂ፣ አልከፋኝም፣ ደስም አላለኝም።

ከእናንተ መሃል የገዛ ምርጫው እንዳይሳካ «አሚን» ያለ ካለ፣ በኋላ ለአባቱ እንዴት እንደነገረው ይጻፍልኝ።