አጎቴ የቀነሰው ጫማ

ማነው እሱ እኔን «ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠ ስለ ቅናሽ ምን ያውቃል» ያለው? ዛሬ ወሰን ሰፈር ባለው ሱቄ ውስጥ አዲስ ጫማ ከካርቶን ሳወጣ የሶሉ ሽታ ወስዶ ኮተቤ፣ እናቴ መደብ ላይ አስቀመጠኝ። ልጅ ነኝ። ያለን ብር ሁሉ ጫማ ላይ ነው። እናቴ በአራት መቶ ያመጣችውን ሃያ አምስት ፐርሰንት ጨምራ አምስት መቶ ትላለች። ገበያው ሲቀዘቅዝ አጎቴ፣ «ሃያ አምስት ጨመርን፣ ሃያ አምስት እንቀንስ፤ ዋናችን ይመለሳል» ብሎ መጥራት ጀመረ። አንዲት ሴትዮ ወዲያው ሦስት መቶ ሰባ አምስት ዘረጋች። እኔ ጫማውን አቅፌ ቁጭ አልኩ።

«ልቀቅ አንተ» አለኝ አጎቴ።

«አልለቅም ጋሼ። የጨመርነው በአራት መቶው ላይ ነው። አንተ የምትቀንሰው ከአምስት መቶው ነው።»

እናቴ ወደ አጎቴ ዞራ፣ «እንጦጦን ስትወጣና ስትወርድ እርምጃህ እኩል ነው እንዴ?» አለችው። እንጦጦን ምን አመጣው ብዬ ነበር፤ የገባኝ ራሴ ነጋዴ ስሆን ነው፤ ከታች የሚጨመርና ከላይ የሚቀነስ ፐርሰንት እኩል አይደለም።

ሴትዮዋን፣ «እትዬ፣ አሥር ፐርሰንት ልቀንስልዎት፣ አራት መቶ ሃምሳ» አልኳት። እየሳቀች ከፈለች።

ውሸት ነው የምትሉ፣ ኮተቤ ሂዱና ያኔ መደብ የነበረውን ማንንም ጠይቁ። አጎቴን ብቻ ተዉት፤ እሱ እስካሁን እያሰላ ነው።