ሁልጊዜ ከሚጨምር ሰው ጋር ፖከር

በካርታ አጭበርብሬ እንዳሸነፍኩ በየሰርጉና በየለቅሶው የምታወራ አንዲት ሴት አለች። መልስ ሰጥቻት አላውቅም። አሁን ግን እንዴት እንዳሸነፍኩ እጽፋለሁ፤ ካሸነፍኩ በኋላ የሆነውንም።

ደቡብ ሱዳን ተገንጥላ ካርቱም ውስጥ ሁሉ ነገር በተወደደበት ጊዜ ነው። ዴም በሚባለው ሰፈር፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ እኖር ነበር። የእኔ ክፍል በሩ የሚከፈተው በቀጥታ ወደ መንገድ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰፈሩ ሱዳናውያን ሴቶች ከመንገድ ገባ ብለው ይለካሉ፣ ይወጣሉ። ወንድ የሞላበትን ግቢ አቋርጠው ግን ጓሮ ድረስ አይመጡም። በሩን ካጣሁ ሥራዬን አጣሁ ማለት ነው።

ግቢውን ሌላ ሰፈር፣ አል-ሳሃፋ፣ ከሚኖሩት ባለቤት፣ ሐጃ ከምንላቸው አሮጊት፣ ተከራይቶ ለእኛ የሚያከራየው ያገራችን ሰው ነው። ወኪል እንለዋለን። የመኖሪያ ወረቀታችንንም ወስዶ የሚያሳድሰው እሱ ነው። ያንን የፊት ክፍል እንድለቅለት ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ እምቢ ብዬዋለሁ።

ዓርብ ከሰዓት ሥራ ስለሌለ ግቢው ውስጥ ፖከር እንጫወታለን። አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፣ ያልተፈለገው አንድ ጊዜ ይቀየራል፣ ከዚያ ማስያዝ ነው። የምናስይዘው የደረቀ ባቄላ ነው። ፖሊስ ድንገት ቢገባ “ባቄላ እየለቀምን ነው” እንላለን እየተባባልን እንስቅ ነበር።

ወኪሉ ካርታውን ሳያይ ይጨምራል። ምንም ሳይኖረው ይጨምራል። ሌላው ሰው ይጥላል፤ የሚፈራው ካርታውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ዓርብ አሸንፎት ቅዳሜ ወረቀቴን አሳድስልኝ ማለት ይከብዳል። እሱ ይህን ችሎታ ይመስለው ነበር።

እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት መቀመጫዬን መቀየር ነው። ጨዋታው ወደ ግራ ስለሚዞር ከግራው ተቀመጥኩ፤ እሱ ከተናገረ በኋላ እናገራለሁ። የሚደርሰኝን ካርታ አብዛኛውን እጥላለሁ። “እማማ ዛሬም ጾም ላይ ናቸው” እያለ ሰዉን ያስቃል። ይሳቅ። ባዶ ይዤ ላስፈራራው ሞክሬ አላውቅም፤ የማይጥልን ሰው ማስፈራራት ባቄላ መድፋት ነው። ደህና ካርታ ሲመጣልኝም አልጨምርም። ያስያዘውን ያህል አስይዤ “አየሁ” ብቻ እላለሁ። ስለ እኔ ሆኖ የሚጨምረው እሱ ነው። ደግሞ ሁሉንም ካርታ ከሚጫወት ሰው ጋር ትልቅ ካርታ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መካከለኛ ጥንድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዋናው ነገር ተሰድቦም ተስቆበትም መቀመጥ መቻል ነው። ያንን ካርቱም አስተምራኛለች።

በዚያ ዓርብ ሰማዩ ከሰሜን በኩል ቀልቶ ነበር፤ ሀቡብ፣ የአቧራው ማዕበል፣ እየመጣ ነው። ወኪሉ ባቄላውን እኩል ለሁለት ከፍሎ አንዱን ክምር ወደ እኔ ገፋው።

“እማማ፣ በባዶ መጫወት ሰለቸኝ። ዛሬ በፊቱ ክፍል እንጫወት። ካሸነፉ ዓመቱን ሙሉ አልናገርዎትም። ከተሸነፉ ጓሮ ይገባሉ።”

“አልጫወትም ብልህስ?”

“ያኔም ይገባሉ።”

ካርታውን ያደለችው አጠገቤ የምትኖረው ምግብ ሠሪ ናት፤ ያገሬ ልጅ፣ ከአንድ ሰሃን አብራኝ የምትበላ። ቆጠራው ተሳስቶባት እንደገና አደለች። ለእኔ ፈርታ መሰለኝ።

ብዙ ጣልኩ፣ ጥቂት አየሁ። እሱ እየቀለደ ይጨምራል፣ ክምሩ ግን እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ ሁለት ዘጠኝ መጣልኝ። ሦስቱን ካርታ ስቀይር ሌላ ዘጠኝ ገባ። እሱ “አልቀይርም” አለና ያለውን ባቄላ በሙሉ መሀል አስገባው።

“ይጣሉት እማማ፣ ይቅርብዎ። ጓሮው እኮ ቀዝቀዝ ይላል።”

አልቀይርም ሲል ሰው ሁሉ ስለሚጥል ካርታው አይታይም። ከዚያ በፊት አንዴ እኔ አይቼበት ባዶ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

“አየሁህ” አልኩት።

አንድ ንጉሥ አለው፤ ሌላው የማይገናኝ ቁጥር ነው። ዘጠኞቼን ዘረጋሁ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ።

“የእርስዎ ነው። ይተኙበት” አለ።

ምግብ ሠሪዋ ቀና ብላ ሳታየኝ ባቄላውን ሰብስባ ገባች። አቧራው ደርሶ ግቢው ጨለመ። ተሸንፎ የሚስቅ ሰው አይቼ ስለማላውቅ፣ እስኪነጋ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም።

በማግስቱ ማልጄ፣ ስለ ክፍሉ ከባለቤቷ አፍ ቃል ልቀበል፣ በሐፍላ፣ በሕዝብ ማመላለሻው፣ ወደ አል-ሳሃፋ ሄድኩ። ሐጃ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ የተከናነቡትን ቶብ ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

“አንቺ አልሄድሽም እንዴ?” አሉኝ በዐረብኛ።

“ወዴት?”

“አገርሽ ነዋ። ልብስ ሰፊዋ አገሯ ገብታለች፣ ክፍሉን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ አለኝ ወኪልሽ። ረመዳን ሳይገባ ነው የነገረኝ።”

ረመዳን ካለፈ ቆይቷል። ወረቀቴን ላሳድስልዎ ብሎ የወሰደውም ያኔ ነው፤ እስካሁን አልመለሰልኝም። ወረቀት የሌለው ሰው በከሻ፣ በፖሊስ አፈሳ፣ ተይዞ መኪና ላይ ከተጫነ ራሱን የሚያገኘው መተማ ነው። ሰውየው ያስያዘው ቀድሞ የሰጠውን ክፍል ነበር፤ የተጫወተውም በእሱ አባባል አገሯ ከገባች ከቆየች ሴት ጋር። ያን ያህል ቢደፍር ምን ይገርማል።

ሐጃ ውሃ ሰጡኝና የስፌት መኪናዬን እንዲያመጣ ልጃቸውን ላኩት። እኩለ ቀን ላይ መኪናዋን ተሸክሞ ተመለሰ። የጀመርኩት ቀሚስ መርፌው እንደተወጋበት ነው።

“ፖሊሶች መጥተው ነበር” አለ። “ሌላ ክፍል አላንኳኩም። በቀጥታ የፊቱን።”

“ማን ከፈተላቸው?”

“ምግብ የምትሠራዋ። አልጋዋን አስገብታለች፣ ድስቷንም። በካርታ ያሸነፈችው አጭበርብራ ነው አለችኝ፤ ደግሞ የት እንደሄድሽ ጠየቀችኝ።”

“ምን አልካት?”

ልጁ እናቱን አየ። “መኪናውን ማን ይፈልገዋል ስትለኝ፣ እናቴ አልኳት። ያኔ ገባት።”

ሐጃ ተነስተው የግቢውን በር ቀረቀሩት፤ የጓሮውንም ሄደው ቀረቀሩት።