እጃቸውን እያየሁ ሄድኩ

ትናንት ጠዋት፣ እዚህ አሜሪካ፣ ለሺፍት ልወጣ ጫማዬን ሳስር ልጄ ሐያት ከጣሊያን ደወለች።

«እማ፣ ከተማው ደርሻለሁ። አሮጌው ሆስፒታል ግን ማፕ ላይ የለም። አንቺ ያኔ ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው?»

አንዱን ጫማ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ።

ሐያትን የወለደቻት ታላቅ እህቴ ዘሃራ ናት። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ አልደበቅኳትም። «የእናቴን መቃብር ልየው» ስትለኝ ግን ሂጂ ያልኩት በአፌ ብቻ ነው። እዚያ ቆማ ስትመለስ ምን ብላ ትጠራኝ ይሆን እያልኩ፣ የምሠራበት ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሳነጥፍ ስፈራ ሰነበትኩ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ሮም ከተማ የአንዲት አሮጊት አስታማሚ ሆኜ ከገባሁ ወር አልሞላኝም። ዘሃራ ባሏ ትቷት፣ ራቅ ያለች ትንሽ ከተማ ብቻዋን ነበረች። ወልዳለች፣ ደሟ ግን አልቆም ብሏል ተብሎ ተደወለልኝ። አሮጊቷ ባቡር ጣቢያ ሸኙኝና አንዲት ነገር አስጠኑኝ፤ «ስኩዚ፣ ዶቬ ሎስፔዳሌ?» ይቅርታ፣ ሆስፒታሉ የት ነው ማለት ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። መንገዱን ሁሉ እንደ ፋቲሃ ስቀራት ሄድኩ።

ስወርድ ከተማውን ጭጋግ ውጦታል። መንገድ ዳር የሆነ ፍሬ ይቆላሉ፤ ሽታው የቤታችንን ቆሎ አስታወሰኝ። ቦርሳዬ ውስጥ በሻሽ የጠቀለልኩት አንድ ጠርሙስ አብሽ አለ፤ ለአራስ ብዬ።

አንድ ሰውዬ ጠየቅኩ። ጥያቄዬ ጥሩ ወጣ መሰለኝ፣ ቋንቋውን የማውቅ መስሎት ዘረገፈልኝ። አንድም አልገባኝ። መልሱን ማን አስጠናኝ? አፉን ትቼ እጁን አየሁ፤ ወደ ዳገቱ ነው። እጁ እስከጠቆመው ማዕዘን ሄድኩና ሌላ ሰው ጠየቅኩ። እንደገና እጅ። ዳቦ ሻጭ፣ ቄስ፣ ሁለት ተማሪዎች። በመጨረሻ ደጇን የምትጠርግ ሴትዮ ፊቴን አየችና መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ እጄን ይዛ በሩ ድረስ አደረሰችኝ። ልክ እንደ አገራችን።

ዘሃራ እንደ ወረቀት ነጥታለች። አብሹን ሁለት ጊዜ ፉት አለችልኝ።

«ቋንቋ ሳትችይ እንዴት አገኘሽኝ፣ አንቺ ቀበጥ?»

«እጅ እያየሁ።»

ሳቀች። ከዚያ ሕፃኗን በዓይኗ አሳየችኝ። «የዚህችን እጅ አትልቀቂ» አለች። በማግስቱ አለፈች። ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው መቃብር ቀበርናት።

ለሐያት ቃሉን ነገርኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ስትጠይቅ ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ረጅም ነገር መለሱላት።

«እማ፣ ምንም አልገባኝም።»

«አፋቸውን ተዪና እጃቸውን እዪ።»

«ወደ ላይ ነው።»

«በይ ዳገቱን ውጪ። ማዕዘኑ ጋ ሌላ ሰው ጠይቂ።»

ትንፋሿን እየሰማሁ አብሬያት ወጣሁ። ሺፍቴ ረፈደ። የከተማችን የሄንደርሰን ፀሐይ መጋረጃውን አልፋ እግሬ ድረስ መጣች። የብረት በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ እርምጃዋን።

«አገኘኋት፣ እማ» አለች።

በዕድሜዬ ያልገባኝ መልስ ብዙ ነው። ይቺ «እማ» ግን ገባችኝ።